ሙቀቱ ወዴት ይሂድ?

አሜሪካ ውስጥ ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚሄደው አይ-70 አውራ ጎዳና 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን የአይዘንሃወር ዋሻ እንዳለፈ ወደ ሲልቨርቶርን ከተማ ይወርዳል። በ13 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 700 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው። አልጋና ማዕድ ቤት የተገጠመለት 8 ቶን የሚመዝን ሞተርሆም በዚህ መንገድ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 160 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል፤ የተረፈውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ መሸከም አለበት። ማን ይሸከመው የሚለውን የሚወስነው ሹፌሩ የሚመርጠው ማርሽ ነው።

ጣጣው ግን ገና ከዳገቱ ይጀምራል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው ዘይት በሞላው ቶርክ ኮንቨርተር በኩል ነው። መኪናው በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ኮንቨርተሩ ሳይቆለፍ ይንሸራተታል፣ በመንሸራተት የባከነውም ጉልበት ዘይቱን ያግለዋል። በደህናው ቀን ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሆነው ዘይት 120ን ሲያልፍ በፍጥነት መበላሸት ይጀምራል። ማርሽ ዝቅ ሲል የሞተሩ ዙር ይጨምራል፣ መንሸራተቱ ይቀንሳል፣ የካምቢዮው ፓምፕም ብዙ ዘይት ወደ ማቀዝቀዣው ይገፋል። ጩኸቱ ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ ዙሩ ቀዩን መስመር እስካላለፈ ድረስ ግን ጆሮን እንጂ ሞተርን አይጎዳም።

ቁልቁለቱ ላይ የሚነሳው መከራከሪያ ሌላ ነው፦ የፍሬን ሸራ ርካሽ፣ ካምቢዮ ውድ ነውና ፍሬኑ ይለቅ። ሒሳቡ ልክ የሚመስለው ሙቀቱ እስከተረሳ ድረስ ነው። ሞተሩ ራዲያተርና ቬንትሌተር አለው፤ ፍሬኑ ግን የሚያልፈው አየር ብቻ ነው ያለው። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን በ140 ሊፈላ ይችላል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ መውረድም ዓባይ በረሃን ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ ልማድ አይደለም። ቁጠባው ግን የለም፦ ዘመናዊ የኢንጀክሽን ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ነዳጅ መርጨት ያቆማል፣ በዜሮ ማርሽ ግን እንዳይጠፋ ያለማቋረጥ ይረጫል።

«በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የድሮ ሹፌሮች ምክር ለጥንቱ መኪና ይሠራ ነበር። የአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ መመሪያ እንደሚለው የዛሬዎቹ ሞተሮች ጉልበታም ናቸው፣ ቅርጻቸውም ነፋስ አያቆመውም፤ ስለዚህ ከወጡበት ባነሰ ማርሽ መውረድ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ማርሹ የሚገባው ከጫፍ ላይ፣ ፍጥነት ሳይጨምር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ካምቢዮው እሺ ላይል ይችላል። ፍሬን የሚመጣው ከማርሹ በኋላ፣ እንደ ረዳት ነው፦ የታሰበው ፍጥነት በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ እዚያ ሲደርስ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ወደ 56 ማውረድና መልቀቅ፣ ተመልሶ 64 ሲደርስ መድገም። ሁልጊዜ ረግጦ መያዝ ለስላሳ ቢመስልም ለፍሬኑ ትንፋሽ አይሰጠውም። ከዋሻው በታች መንገድ ዳር የተሠሩት፣ ፍሬን ለከዳው መኪና ማምለጫ የሆኑት የጠጠር ዳገቶች የሚጠብቁት እንዲህ የሚወርደውን መኪና ነው።