ኮምፕዩተርን ከልኩ በላይ ማስሮጥ፤ የደጋው አየርና የመብራቱ ነገር

ሞጣ ላይ ወይም ቢቸና ላይ ድስት የጣደች እመቤት ሁሉ ፊዚክስ ሳትማር የምታውቀው አንድ ነገር አለ። ባቄላ በደጋ አገር ቶሎ አይበስልም። ሁለቱ ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቈረቈሩ ስለሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑም ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላና ከዚያ በላይ አልሞቅም ይላል። ይህ ስስ አየር ለወጥ ቤት ያለውን ትርጉም ሁላችንም እናውቀዋለን። ለኮምፕዩተር ያለውን ትርጉም ግን ያሰበበት ሰው ጥቂት ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ መጥቶ፥ «ቲቸር፥ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝን ኮምፕዩተር ብር ሳላወጣ አዲስ ላደርገው ነው፤ ምን ይሉኛል?» አለኝ። አዲስ አደርገዋለሁ ያለው ኦቨርክሎኪንግ በሚባለው ሥራ ነው፤ ይኸውም ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው። «ተው» ማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን መምህር «ተው» ብቻ ብሎ የሰደደው ልጅ ሌላ ቦታ ሄዶ ያለ ሒሳብ ማድረጉ አይቀርም። ስለዚህ ወረቀት አውጥተን ሒሳቡን ሠራነው።

ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። ከበሮው ሲመታ እስክስታ የሚወርደው ሰው ትከሻውን እንደሚሰብቅ፥ ፕሮሰሰሩም በእያንዳንዱ ምት አንድ እርምጃ ይሠራል። ባለ 3 ጊጋኸርትዝ ለሚባለው ከበሮው በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ ይመታለታል። ይህ ቍጥር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው 100 ሚሊዮን የሆነውን መነሻ ምት በ30 በማባዛት ነው። ባዮስ በሚባለው ገጽ ገብቶ 30ውን 33 ያደረገ ሰው ምቱን 3.3 ቢሊዮን አደረሰው ማለት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ሁሉ እስክስታ ወራጁ ምቱን እስከ የት ድረስ ሊከተል ይችላል የሚለው ነው።

ፋብሪካዎች ዕቃቸውን የሚሸጡት መጠባበቂያ ትተው ነው። በሞቃት አገር፥ በደካማ ማራገቢያ፥ ለብዙ ዓመት ቢሠራም እንዳያሳፍራቸው አቅሙን ዝቅ አድርገው ይጽፉታል። ይህን መጠባበቂያ ለዓለም የገለጠው ኢንቴል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ያወጣው ሴለሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር ነበር። የተሸጠው በ300 ሜጋኸርትዝ ነው፤ መነሻ ምቱን ከ66 ወደ 100 ከፍ ያደረጉለት ተማሪዎች ግን በ450 ሲሮጥ አገኙት። የድኻ ልጅ የሀብታሙን ዕቃ ያህል ሮጠ ተብሎ ብዙ ተወራለት። ዛሬ ዛሬ ግን ፋብሪካዎቹ ነቅተዋል፤ አዲሶቹ ፕሮሰሰሮች አቅም ሲኖራቸው በራሳቸው ስለሚፈጥኑ የሚተርፈው መጠባበቂያ እንደ ድሮው አይደለም።

ፍጥነቱ ሲጨመር ፕሮሰሰሩ ምቱን መከተል ያቅተዋል። እንዲከተል የሚደረገው ቮልቴጁን ከፍ በማድረግ ነው፤ እዳው የሚመጣውም ከዚህ ነው። የሚወጣው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ከተማሪዬ ጋር የሠራነው ሒሳብ ይህን ይመስላል። ፍጥነቱን በመቶ 10 ጨምረን ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.30 ብንወስደው፥ 1.30 ለ1.20 ተካፍሎ፥ በራሱ ተባዝቶ፥ እንደ ገና በ1.10 ሲባዛ 1.29 ይሆናል። 65 ዋት የነበረው 84 ዋት ሆነ ማለት ነው። በመቶ 10 ለሚሆን ፍጥነት በመቶ 29 ሙቀት ተከፈለ። ልጁ ቍጥሩን አይቶ፥ «ይኼማ የአራጣ ብድር ነው» አለ፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

ታዲያ ይህን ሙቀት ማን ይወስደዋል? አየር ነው የሚወስደው። አንድ ማራገቢያ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት ሞጣም ጅቡቲም አንድ ነው፤ ነገር ግን በሞጣው አየር ውስጥ ያለው ክብደት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ሙቀቱን የሚሸከመው ክብደቱ ስለሆነ፥ ያው ማራገቢያ እኛ ዘንድ ከሸክሙ ሩብ ያህሉን ጥሎ ይሄዳል። በግምት እንነጋገር። ጅቡቲ ላይ ከክፍሉ አየር በ40 ዲግሪ በልጦ የሚሞቅ ፕሮሰሰር ሞጣ ላይ እስከ 48 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ይሁን እንጂ የጅቡቲ ክፍል 35 ዲግሪ ቢሆን ፕሮሰሰሩ 75 ይደርሳል፤ የሞጣው ክፍል 20 ዲግሪ ቢሆን ፕሮሰሰሩ 68 ላይ ይቆማል። አየራችን ስስ ቢሆንም ብርዱ ይክሰናል። አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበርም ለአንዳንድ የኮምፕዩተር ክፍሎች ይህንኑ ሒሳብ አስቀምጧል፤ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው የክፍል ሙቀት አንድ ዲግሪ ይቀነስ ይላል። 35 ዲግሪ የተፈቀደለት መሣሪያ ለእኛ ወደ 30 ይወርዳል ማለት ነው፤ ቢቸና ውስጥ ደግሞ ክፍሉ በቈርቈሮ ሥር ሆኖ ኮርኒስ ካላጣ በቀር 30 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን ብዙ አይደለም።

ይልቅስ የሚያሠጋው አቧራው ነው። የእነማይ ጥቁር አፈር ጤፍ የሚያበቅለውን ያህል በበጋ ደቅቆ በየቤቱ ይገባል። አንድ ዓመት ያልተከፈተ ኮምፕዩተር ሲከፈት ማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የተጋገረው ነገር ብርድ ልብስ ይመስላል። በዚያ ላይ በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል የሚቀባው ፔስት በብዙ ዓመት ይደርቃል። ልጁን መጀመሪያ ያዘዝሁት ፍጥነቱን ትቶ አቧራውን በብሩሽ እንዲያጸዳና አዲስ ፔስት እንዲቀባ ነበር።

በዓለም ላይ የፍጥነት ውድድር የሚያደርጉ ሰዎች በአየር አይጠቀሙም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 መጨረሻ አንድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከ9 ጊጋኸርትዝ በላይ የሮጠው በፈሳሽ ሂሊየም ቀዝቅዞ ነው፤ ፈሳሽ ሂሊየም 269 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ግን 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነው በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። ይህ እንግዳ ነገር የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ የከብት ማዳቀል ባለሙያ በየገበሬው መንደር ይዞት የሚዞረው ዕቃ የኮርማውን ዘር የሚያቈየው በዚሁ በናይትሮጅን መሆኑን ያስታውስ። ለላሟ የሚጠቅመው ለተማሪዬ ግን አይጠቅመውም፤ እንዲህ ያለው ሩጫ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ፥ አንዳንዴም ፎቶግራፍ እስኪነሣ ድረስ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው መብራት እንምጣ። በሶኬቱ ያለው 220 ቮልትና በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው 1.2 ቮልት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ፓወር ሰፕላዩ 220ውን ወደ 12 ቮልት ያወርዳል፥ ማዘርቦርዱ ደግሞ 12ቱን ወደ 1.2 ገደማ ያወርዳል። ነገር ግን ዝምድና አላቸው። ወደ ማታ ጎረቤት ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሲጥድ አምፖሉ ደብዘዝ እንደሚል ታውቃላችሁ፤ አንዱ ምጣድ ብቻ 3 ሺሕ ዋት የሚያልፍ ኃይል ይወስዳል። በዚያን ጊዜ 220 የነበረው 170 ቢሆን፥ 200 ዋት የሚፈልገው ኮምፕዩተር ያንኑ 200 ዋት ለማግኘት ከ0.9 አምፔር ወደ 1.2 አምፔር ገደማ ይስባል። ፓወር ሰፕላዩ ይበልጥ ይግላል። ፕሮሰሰሩን ያፈጠነ ሰው ደግሞ 200ውን 230 አድርጎታል፤ ርካሽና ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ይህን ሁለት ጊዜ የመጣ ጭነት ላይችለው ይችላል። ስታቢላይዘር የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። በክረምት መብረቅ ሲበዛ ግን ከስታቢላይዘሩ ይልቅ ሶኬቱን ነቅሎ መተው ይሻላል።

ይህ ሁሉ በዕቃው ላይ የሚመጣ ጉዳት ነው። እኔ ይበልጥ የምፈራው በሥራው ላይ የሚመጣውን ነው። ከልኩ በላይ የሮጠ ኮምፕዩተር ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ልጆቹ «ስታክ አደረገ» የሚሉት ነገር ቢደርስ እንኳ ቢያንስ ይታያል። የማይታየው ግን እየሠራ መሳሳቱ ነው። ከቢሊዮን ምት አንዱን ስቶ 7ቱን 5 አድርጎ ይጽፍና ይቀጥላል።

ቢቸና ውስጥ የማውቀው አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ በቤቱ ኮምፕዩተር ይህ ደርሶበታል። የአክስቱ ልጅ ለዕረፍት መጥቶ ፕሮሰሰሩንም ራሙንም አፍጥኖለት ሄደ። ፊልም ያሳያል፥ ጌም ያጫውታል፥ የሚታማበት ነገር አልነበረም። ወጣቱ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነውና የአባላቱን መዋጮ እያመሸ በዚያ ላይ ይመዘግብ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፋይሉ አልከፈት አለ፤ በፍላሽ ያስቀመጠው ቅጂ ሲከፈትም ድምሩ ከደረሰኞቹ ጋር አልገጥም አለ። የእድሩ ዳኛ አዛውንት ናቸው፤ «ልጄ፥ ደብተሩስ ምን አድርጎህ ነበር?» ከማለት በቀር ክፉ ቃል አልተናገሩትም። እርሱ ግን የሰው ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው ነውና ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረሰኝ ሲለቅም እንቅልፍ አልነበረውም። በኋላ ራሙን ሜምቴስት 86 በሚባለው ፕሮግራም ስንፈትነው ስሕተቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ታየ።

ፈተናው ከማፍጠን በፊት መታወቅ ያለበት ሥራ ነው። ለፕሮሰሰር የሚሆነው ፕራይም 95 የተባለው ነው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ከተጀመረው እጅግ ትልልቅ ዋና ቍጥሮችን ከሚፈልግ የሒሳብ ሰዎች ሥራ የተገኘ ፕሮግራም ነው። የሚያደርገው እኛ መምህራን የምናደርገውን ነው፤ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቀውን ከባድ ሒሳብ ሰጥቶ፥ የመጣው መልስ አንድ ቍጥር ቢለይ «ወድቀሃል» ይላል። ፍጥነቱን በ100 ሜጋኸርትዝ ከፍ ማድረግ፥ መፈተን፥ ፍጥነቱን፥ ቮልቴጁን፥ የፕሮሰሰሩንና የክፍሉን ሙቀት በደብተር መጻፍ፥ ከዚያ እንደ ገና መቀጠል ነው። አሥር ደቂቃ አይበቃም፤ ሌሊቱን ሙሉ ያለ አንድ ስሕተት ማለፍ አለበት። ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ ካለፈ እኔ ወደ ኋላ መመለስን እመርጣለሁ፤ ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉና፥ ያን ጊዜ ሰውዬው ለማፍጠን ደክሞ ያገኘው ዝግታ ይሆናል።

ቮልቴጅን የሚንቅ ካለ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 በራሱ በኢንቴል ላይ የደረሰውን ይመልከት። 13ኛና 14ኛ ትውልድ የተባሉት የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ምንም ያልነካቸው ሰዎች ቤት ውስጥ መቆምና መሳሳት ጀመሩ። ኩባንያው ሲመረምር ከምክንያቶቹ አንዱ በውስጣቸው ያለው ማይክሮኮድ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ መጠየቁ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ማረሚያ አወጣ፥ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ፤ ቀድሞ የተጎዳውን ግን ማረሚያው ሊያድነው አልቻለም።

እዚሁ አገራችን ውስጥ ይህን ሥራ በብዙ ሺሕ ኮምፕዩተሮች የሚሠሩ ነጋዴዎች አሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 የቢትኮይን ኩባንያዎች ጋር የኃይል ሽያጭ ውል መፈጸሙ ተዘግቦ ነበር። በዚህ ንግድ የሚኖሩ ሰዎች ስለ ፍጥነት ብቻ አይጨነቁም፤ የሚጠይቁት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ሥራ ተገኘ ብለው ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን ትንሽ ቀንሰው ቮልቴጁን ይበልጥ ዝቅ ያደርጉታል። የካሬው ሕግ አሁን ለእኛ ይሠራል፤ ፍጥነቱ ሳይነካ 1.20 የነበረው ቮልቴጅ 1.10 ላይ ቢጸና ሙቀቱ በመቶ 16 ይቀንሳል። መብራት በሚቈራረጥበት ከተማ፥ ከዩፒኤስ ባትሪ ጋር ለሚኖር ሰው፥ እኔ ከማፍጠን ይልቅ ይህን እመክራለሁ። ይህም ቢሆን በዚያው ፈተና ማለፍ አለበት፤ ቮልቴጅ ያነሰው ፕሮሰሰርም ምት ይስታልና።

የተማሪዬ ኮምፕዩተር ግን ሲከፈት ከቢሮ ወጥቶ በሁለተኛ እጅ የተሸጠ ሆኖ ተገኘ። የዚህ ዓይነቶቹ አብዛኞቹ ማባዣ ቍጥራቸው የተቈለፈ ነው፤ ከኢንቴል በስማቸው መጨረሻ «ኬ» የሚል ፊደል ያላቸው፥ ከኤ.ኤም.ዲ. ደግሞ አብዛኞቹ ራይዘን ክፍት ናቸው፤ ያም ቢሆን ማዘርቦርዱ የሚፈቅድ ሲሆን ነው። እርሱ አቧራውን ጠርጎ ፔስት ከቀባ በኋላ በሙሉ ሥራ 93 ዲግሪ ይደርስ የነበረው 74 ላይ ቆመ፤ በሙቀት ምክንያት ይዘገይ የነበረውም በራሱ ፈጠነ። ላፕቶፕ ላላቸው ደግሞ አንድ ቀላል ነገር አለ። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ መጠን 100 የሚለውን 99 ቢያደርጉት፥ በአብዛኞቹ ላይ ፕሮሰሰሩ በራሱ ከመደበኛው በላይ መፍጠኑን ይተዋል፤ ማራገቢያው ጸጥ ይላል፥ መብራት በሄደ ምሽትም ባትሪው ይበልጥ ይቈያል።