ሽፍታው ከከሰመ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1846 የፋሮ ደሴቶችን ኩፍኝ ወረራቸው። 7,800 ገደማ ከሚሆኑት ነዋሪዎች 6,000 ያህሉ ታመሙ። ወረርሽኙን እንዲያጠና የተላከው ወጣቱ የዴንማርክ ሐኪም ፒተር ሉድቪግ ፓኑም ግን አንድ ነገር ትኩረቱን ሳበው፤ በሽታው አንዳንድ አዛውንቶችን ጨርሶ አልነካም። ሲጠይቅ እነዚህ ሰዎች በልጅነታቸው፣ በ1781 በገባው ወረርሽኝ ኩፍኝ ወጥቶባቸው እንደነበር ተረዳ። ከ65 ዓመት በኋላም ሰውነታቸው በሽታውን አልረሳም ነበር።

ይህን ዕውቀት የሚይዙት የማስታወስ ሴሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። አንድ ተህዋሲ ተሸንፎ ከወጣ በኋላ ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ይቆያሉ፤ ያው ተህዋሲ ተመልሶ ቢመጣ ጊዜ ሳያጠፉ ይነሡበታል።

የኩፍኝ ቫይረስ የሚያጠቃው እነዚህኑ ሴሎች ነው። ወደ ሴል የሚገባበት ፕሮቲን በብዛት የሚገኘው በእነሱ ላይ ስለሆነ፣ እየገባ ይገድላቸዋል። ስለዚህ ከበሽታው የዳነ ልጅ ኩፍኝን ዕድሜ ልኩን ቢያስታውስም፣ ቀድሞ ያሸነፋቸውን ሌሎች በሽታዎች ግን ሊረሳ ይችላል።

የዚህ ፍንጭ ከመቶ ዓመት በፊትም ታይቷል። የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ በ1908 እንደዘገበው፣ በቆዳ ላይ በሚደረግ ምርመራ ለሳንባ ነቀርሳ ምላሽ ይሰጡ የነበሩ ልጆች ኩፍኝ ሲይዛቸው ምላሹ ይጠፋ ነበር። የጉዳቱ ልክ በቁጥር የታወቀው ግን በ2019 ነው። በ2013 በኔዘርላንድስ ኩፍኝ ሲነሣ፣ ተመራማሪዎች ካልተከተቡ ልጆች በሽታው ከመያዛቸው በፊትና ከዳኑ በኋላ ደም ወስደው ነበር። የ77 ልጆች ደም በአሜሪካ ሲመረመር ልጆቹ ቀድሞ ከነበሯቸው ልዩ ልዩ ፀረ እንግዳ አካላት (ተህዋስያንን ለይተው የሚይዙ የደም ፕሮቲኖች) ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆኑትን አጥተው ተገኙ። ከአንድ ልጅ ሩብ እንኳ ሳይጠፋ፣ ከሌላው ከግማሽ በላይ ሄዷል። የጠፋውን መልሶ ለማግኘት ልጁ ከእነዚያ ተህዋስያን ጋር እንደገና መገናኘት አለበት፤ ይህም ማለት እንደገና መታመም ሊሆን ይችላል።

ብዙ እናቶች ይህን ያለ ላቦራቶሪ አይተውታል። ሽፍታው ከስሞ፣ ትኩሳቱ ለቆት፣ «ተመስገን፣ ዳነ» የተባለው ልጅ ሳይቆይ በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ ይወድቃል። «ኩፍኝ ልጅ ሁሉ የሚያልፍበት ነው» የሚለው አባባል አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ በሽታው ካለፈም በኋላ ልጁን ለሌሎች በሽታዎች አጋልጦት ይሄዳል።

በክትባቱ ውስጥ ያለው ቫይረስ እንዲዳከም የተደረገ ነው። በዚያው ጥናት የተከተቡ ልጆች ደምም ተመርምሮ ይህ ዓይነት ጉዳት አልታየባቸውም። ክትባቱ ኩፍኝን መከላከል ብቻ ሳይሆን፣ ልጁ እስከዚያ ቀን ያካበተውን መከላከያም ይጠብቅለታል።

በኢትዮጵያ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር እና በ15 ወር ይሰጣል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋልና፣ ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን የክትባት ካርድ ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩት፤ የጎደለ ካለ ልጁን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።