«ትምህርትህ ከሥራው በላይ ነው»

አንድ ወጣት ከከተማ ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ እንበል። ዲግሪ አለው። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛነት አመልክቶ ነበር። አባቱ «እህ፣ እንዴት ሆነልህ?» ብለው ጠየቁት።

«አይ አባባ፣ ትምህርትህ ከሥራው በላይ ነው ብለው መለሱኝ» አላቸው።

አባት ዝም አሉ። ባለመማር ሥራ ማጣትን ያውቃሉ። በመማር ሥራ ማጣት ግን ምን ዓይነት ነገር ነው? ለዚህ ልጅ ትምህርት በሬ ሸጠዋል። በልባቸው «ሌላ ጥፋት አጥፍቶ ይሆናል፤ እኔን ይደብቀኛል» አሉ። ቀጥሎም ዓይናቸው ወደ ታናሽ እህቱ ሄደ። ስምንተኛ ክፍል ናት። «እንግዲያው እሷስ ለምን ትማራለች?» የሚል ሐሳብ መጣባቸው።

እኛ የምንለው ልጁ እውነቱን ሊሆን ይችላል ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከምናውቀው ተነሥተን እንመልከት።

ለከብቶቻችን የዓመት እረኛ ልንቀጥር ፈለግን። ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ መሬትም በሬም የሌለው ጎረምሳ ነው። ሌላው ጥማድ በሬ ያለው ጎልማሳ ነው፤ ዘንድሮ ቸግሮት እረኝነት ፈለገ። ማንን እንቀጥራለን? ስለ ከብት የሚያውቀው ጎልማሳው ነው። በሽታውን ይለያል፤ ሣሩን ይለያል፤ አውሬው በየት በኩል እንደሚመጣ ያውቃል። ሆኖም ብዙዎቻችን ጎረምሳውን እንወስዳለን። ለምን ቢሉ «ሰኔ ሲገባ ይሄ ሰው ጥሎኝ ወደ እርሻው ይሄዳል፤ በክረምት እረኛ ከየት አመጣለሁ?» ብለን ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ትልቅ ሰው ማዘዝ ያስፈራናል። «በዚያ በኩል አግድ» ስንለው «እኔን ልታስተምረኝ ነው?» ቢለንስ?

የመሥሪያ ቤት ቀጣሪም የሚያስበው ይህንኑ ነው። ዲግሪ ያለው ሰው ከሦስት ወር በኋላ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄድብኛል ይላል። አዲስ ሠራተኛ ሥራውን እስኪለምድ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ሲሄድ እንደገና ማስታወቂያ፣ እንደገና ፈተና፣ እንደገና ማለማመድ ነው። ሌላም አለ። ደመወዝ የሚቆረጠው ለሥራ መደቡ ነው እንጂ ሰውየው ይዞት ለመጣው ወረቀት አይደለም። ሥራው 12ኛ ክፍል ለጨረሰ ሰው የተመደበ ከሆነ ባለ ዲግሪውም የሚያገኘው ያንኑ ነው። ስለዚህ «ቅር እያለው ይሠራል» ተብሎ ይፈራል። አለቃው ራሱ ዲግሪ ከሌለው ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ይሆናል፤ ይህን ግን አለቃው ደፍሮ አይናገረውም።

ቀድሞ ይህ ነገር በአገራችን ብዙ አይሰማም ነበር። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የአዲስ አበባውና የዓለማያው ከእነዚህ መካከል ናቸው። ተመራቂው ጥቂት ስለነበረ መንግሥት ራሱ በየመሥሪያ ቤቱ ይመድበው ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ለተመራቂ የሚሆነው ሥራ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ባለ ዲግሪው በትምህርቱ ልክ ሥራ ሲያጣ ዝቅ ብሎ ይፈልጋል። ዝቅ ሲል «ከፍ ብለሃል» ይባላል። ድንጋይ ጠርበው የከተማ መንገድ ያነጠፉ ተመራቂዎች አሉ። ሥራው አያሳፍርም፤ የሚያሳዝነው ሁለቱም በር መዘጋቱ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኮኔክቲከት በሚባል ክፍለ ግዛት ኒው ለንደን የምትባል ከተማ አለች። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 አንድ ሰው እዚያ ፖሊስ ለመሆን ተፈተነ። ፈተናው በ12 ደቂቃ የሚሠራ 50 ጥያቄ ነው። ሰውየው 33 አገኘ። ጥሩ ውጤት ነው። ነገር ግን አልጠሩትም። ዕድሜው ከአርባ በላይ ስለነበረ «በዕድሜዬ ምክንያት ይሆናል» ብሎ ጠረጠረ። ሲያጣራ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከተማው የሚጠራው ከ20 እስከ 27 ያገኙትን ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው የፖሊስ ሥራ ይሰለቸዋል፤ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ከሠለጠነ በኋላ ይለቃል ተብሎ ነበር።

ሰውየው ከሰሰ። በ1999 ተፈረደበት። ይግባኝ አለ፤ በ2000ም ተፈረደበት። ዳኞቹ የከተማው አሠራር ብልህነት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከፍተኛ ነጥብ ያመጣውን ሁሉ እኩል የሚመልስ ስለሆነ ሕግ አልተጣሰም አሉ። እንዴ! ሰነፉንም ጎበዙንም የሚመልስ በር እንዴት ያለ በር ነው? ያሰኛል። ሰውየው በመጨረሻ የእስር ቤት ጠባቂ ሆኖ ሠራ።

ታዲያ የቀጣሪው ፍርሃት እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ግማሹ እውነት ነው። የተሻለ ሲያገኝ የሚሄድ ሰው አለ፤ ማንም ቢሆን ይሄዳል። ግማሹ ግን ግምት ብቻ ነው። በ2009 በፈረንጆች አቆጣጠር በቱርክ አገር የልብስ መደብር ሻጮች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። ችሎታቸው ከሥራው በላይ እንደሆነ የሚሰማቸው ሻጮች ከሌሎቹ ይበልጥ ሸጠው ተገኙ። በሥራቸው ላይ ራሳቸው እንዲወስኑ ሲፈቀድላቸውም ሥራውን ጥሎ የመሄዱ ነገር ቀነሰ። እንግዲህ የሚያባርራቸው ትምህርታቸው ብቻ አይደለም፤ አያያዛቸውም ጭምር ነው።

አንዳንድ ወጣቶች ዘዴ ፈጥረዋል። ዲግሪውን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው የ12ኛ ክፍሉን ወረቀት ብቻ ይዘው ይቀርባሉ። በሬ የተሸጠበትን ወረቀት መደበቅ እንዴት እንደሚያንገበግብ የሚያውቀው ያየው ነው። ደግሞም ቆይቶ ሲታወቅ «ዋሽተኸናል» ያስብላል። ከዚህ የሚሻለው፣ ቀጣሪው የፈራውን ነገር ቀድሞ አንሥቶ መናገር ነው። ለምን ይህን ሥራ እንደፈለገ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ደመወዙን አውቆ እንደመጣ በግልጽ ይናገር። ሁልጊዜ ይሠራል አንልም። ዝም ከማለት ግን ይሻላል።

ታናሽ እህትን ከትምህርት ማስቀረቱስ? ይህ ሒሳቡን መሳት ነው። ልጁን የመለሰው አንድ በር ነው። ማንበብ የማይችለው ሰው ግን ማስታወቂያው የተለጠፈበት ግድግዳ ራሱ በር ሆኖ ይዘጋበታል። ይህን እኛ ፊደል ሳንቆጥር የኖርንባቸውን ዓመታት አስታውሰን እናውቀዋለን።

ወደ አባትና ልጅ እንመለስ። አባት ስለ እረኛው ነገር ከሰሙ በኋላ ጥቂት አሰቡ።

«ስንት ዓመት ትቆያለህ ብለው ጠየቁህ?» አሉት።

«ማንም አልጠየቀኝም አባባ።»

«እኔ እረኛ ስቀጥር እጠይቃለሁ» አሉ። «በል ነገ ተመለስና፣ ሳይጠይቁህ ንገራቸው።»