መጀመሪያ ክሬም፣ ከዚያ ዘይት



ቤታችሁ ስመጣ «ዘይት እየተቀባሁ ፊቴ ይደርቃል» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ዕድሜ ሲገፋ የቆዳ ወዝ ይቀንሳል፤ ፀሐይ፣ ነፋስና ማዝጋን ደግሞ ይብስ ያደርቁታል። ዘይት ውሃ አይሰጥም፤ ቆዳው ላይ ያለው ውሃ እንዳይወጣ ይከድናል እንጂ። ስለዚህ ደረቅ ቆዳ ላይ ብቻውን ሲቀባ እምብዛም አይጠቅምም።

ፊታችሁን ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ። በፎጣ ሳትፈትጉ ለስለስ አድርጋችሁ አድርቁት። ጥቂት እርጥበት እያለው ሽቶ የሌለበት ክሬም ተቀቡ። ዘይት የምትወዱ ማታ ከክሬሙ በላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃችኋል። ጠዋት በዘይቱ ፈንታ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ተቀቡ፤ ጠቆር ያለ ቆዳንም ፀሐይ ይጎዳዋል።

ስኳር ያለባችሁ እግራችሁንም አትርሱ። ደርቆ የተሰነጠቀ ተረከዝ በቶሎ የማይድን ቁስል ሊሆን ይችላል። በጣቶች መካከል ግን አትቀቡ፤ እርጥበት ሲበዛ ፈንገስ ያመጣል። ተቀብታችሁ ባዶ እግራችሁን አትነሱ፤ ወለሉ ያንሸራትታል።

ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት «የሚያቀላ» ክሬም አትግዙ። በአንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ ወይም ኮርቲዞን ይገኛል፤ ቆዳን ከማሳሳት አልፎ ኩላሊት የሚጎዳም አለ።

ማሳከኩ ካልተወ ወይም ቁስል ካያችሁ ሳትቆዩ ኩፓት ሆሊም ለሐኪማችሁ አሳዩ። በዕብራይስጥ የተጻፈውን ማንበብ ከከበዳችሁ ዕቃውን ይዛችሁ ወደ ረቫሃ ቢሯችን ኑ፤ አብረን እናነባለን።