እስቲ አንዴ እፎይ በሉ!

ሚያዝያ ላይ ገንዳ ውሃ አድራችሁ ታውቃላችሁ? ካላደራችሁ ስለ ሙቀት ባታወሩ ደስ ይለኛል። ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛው። እኔም በ2015 ዓ.ም. ሁለት ሳምንት ያህል ኮከብ ስቆጥር አድሬያለሁ።

ሙቀቱን ሰበብ አደረግሁት እንጂ እንቅልፌን የነሳኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ እሱ እዚያው ነበር። ስልኩ አይሠራም። ቀን ቀን መተማ ዮሐንስ ወርጄ ከገላባት የሚሻገረውን ሰው አንድ በአንድ እያየሁ እውላለሁ፤ ማታ ብቻዬን ገንዳ ውሃ እመለሳለሁ። ሌሊት ልቤ ከበሮ ይመታል፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ቤት ያከራዩኝ እማማ ከጎኔ ባለው አልጋ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው 41 እግዚኦታ ያደርሳሉ። አንድ ሌሊት ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። እሳቸው አንዴ ሲተነፍሱ እኔ ሦስቴ! አለመተኛቴን አውቀው ኖሮ «ልጄ፣ መጀመሪያ ተንፍስ፤ ጭንቀቱ የትም አይሄድብህም» አሉኝ።

አትሳቁ፣ ነገሩ ሳይንስም አለው። አየር ስንስብ ልባችን ትንሽ ፈጠን፣ ስናስወጣ ደግሞ ቀዝቀዝ ይላል። የሐርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰንም እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቃል ወይም ጸሎት ከትንፋሽ ጋር እየደጋገሙ መቀመጥ ሰውነትን እንደሚያረጋጋ ጽፏል። እማማ መጽሐፉን አላነበቡም። የኛ ቋንቋማ ቀድሞ ነቅቷል፤ «ነፍስ» እና «ትንፋሽ» ሥራቸው አንድ ነው፣ «እፎይ» ደግሞ አየር ሳይወጣ አይባልም።

አደራረጉ ቀላል ነው። ቀና ብላችሁ ተቀመጡና አየሩ በአፍንጫችሁ ሲገባ ሲወጣ ተከታተሉ። ሲወጣ አንድ፣ እንደገና ሲወጣ ሁለት፣ እስከ አስር። በግድ አትሳቡ፣ ራስ ያዞራል። ሐሳብ ይዟችሁ መሄዱ አይቀርም፤ እኔማ አራት ሳልደርስ ካርቱም ነበርኩ! ራሳችሁን ሳትሰድቡ ከአንድ ጀምሩ። ሥራውም ይኸው መመላለስ ነው።

ወንድሜን አላመጣልኝም። ሁለት ሦስት ሰዓት እንቅልፍ ግን ሰጥቶኛል፣ ጠዋት ጠዋት ሰው ላይ መጮህም ትቻለሁ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከስቶ፣ በባዶ እግሩ መጣ። ማታ እኔ አዋቂው «ዓይንህን ጨፍን» ብዬ ላስተምረው ብል ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ብድግ አለ። «ስጨፍን ነው የሚብስብኝ» አለኝ። ክፉ ነገር ያየ ሰው እንዲህ ይሆናል። እንዲህ የሚሆንባችሁ ካላችሁ ዓይናችሁን ገልጣችሁ፣ እግራችሁን መሬት አስነክታችሁ፣ ትንፋሹን ተዉትና የአካባቢውን ድምፅ አዳምጡ፤ አልለቅ ካላችሁ ሐኪም አማክሩ። እኛም የእማማን መቁጠሪያ ኮሽታ እየሰማን ተቀመጥን። ወንድሜ መቼ እንደተኛ አላየሁም፤ ቀድሜው የተኛሁት እኔ ነኝ።