ግንቦት 17፤ የሴት ፊርማ ያልሰፈረባት ዕለት

በካዛንቺስ በኩል ስታልፉ የምታዩት የአፍሪካ አዳራሽ የታላቅ ዕለት ምስክር ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 ነጻ አገሮች መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት እዚሁ ነበር። ዕለቷም የአፍሪካ ቀን ተብላ በየዓመቱ ትከበራለች።

ይሁን እንጂ ከፈራሚዎቹ መካከል አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችም። የሚያስገርመው የአፍሪካ ሴቶች ከወንዶቹ ቀድመው በሐምሌ 1954 ዓ.ም. ዳሬሰላም ላይ ተሰብስበው የጋራ ማኅበራቸውን መሥርተው ነበር። ድርጅቱን የተካው የአፍሪካ ኅብረት ግን ሴት የኮሚሽን ሊቀ መንበር ያገኘው በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊቷ ዶክተር ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተመረጡ። ቻርተሩ ከተፈረመ 49 ዓመት አልፎ ነበር።

እናቶችና አባቶች ሆይ፤ የአዳራሹን ታሪክ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ይህንንም አትርሱ። ሴት ልጃችሁ ትምህርቷን የምታጠናበትን ሰዓት የቤት ሥራ እንዳይሻማባት ዛሬውኑ አስቡበት።