ይሉኝታ የሚያስከፍለው ዋጋ፦ ላረገዘች ታዳጊ ያለው ድጋፍ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው። እርግዝና በሽታ አይደለም። ሆኖም የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ስታረግዝ፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሚኖረው ማኅበረሰባችን ውስጥ እንደ ክፉ በሽታ የሚደብቀው ቤተሰብ አለ። አንዱ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራታል፤ ሌላው በሌላ ስቴት ወዳለ ዘመድ ይልካታል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ከቤቴ ውጪልኝ» ይላል።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ይሉኝታ በዶላር የሚቆጠር ዋጋ አለው። የአሜሪካ ሕግ ለነፍሰ ጡሯና ለሚወለደው ሕፃን ያስቀመጠው ድጋፍ አለ፤ ግን ካልጠየቁት አይመጣም።

ሕክምና

ሜዲኬይድ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነፍሰ ጡሮች የክትትልና የወሊድ ወጪን ይሸፍናል። ለነፍሰ ጡሯ የቤተሰብ ቁጥር ሲሰላ ያልተወለደው ሕፃንም ይቆጠራል። ስለዚህ ቀደም ሲል «ገቢያችሁ ከመጠኑ አልፏል» የተባለ ቤተሰብ እንደገና ማመልከት አለበት። በሦስቱም አካባቢዎች፣ ቀድሞ ከወሊድ በኋላ በ60 ቀን ያበቃ የነበረው ሽፋን አሁን 12 ወር ሆኗል። እናቱ ሜዲኬይድ እያላት የተወለደ ሕፃንም አንድ ዓመት እስኪሞላው ይሸፈናል።

ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021፣ ሜሪላንድ ደግሞ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ የገቢውን መስፈርት ለሚያሟሉ ነፍሰ ጡሮች የመኖሪያ ወረቀት ባይኖራቸውም ሽፋን ይሰጣሉ። በሁለቱም ስቴቶች ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ለእርግዝና ክትትል ያለ ወላጅ ፊርማ ራሷ መስማማት ትችላለች።

ምግብ

ዊክ በመባል የሚታወቀው ፕሮግራም ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና የሕፃናት ወተት ያቀርባል። የገቢው ጣሪያ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 185 በመቶ ነው። ሜዲኬይድ ያላት ልጅ የገቢውን መስፈርት እንዳሟላች ይቆጠርላታል። ዊክ የመኖሪያ ወረቀት አይጠይቅም። ከእርግዝናው አንሥቶ ልጁ 5 ዓመት እስኪሞላው ይዘልቃል። በመደበቅ ያለፈው ወር ግን ተመልሶ አይከፈልም።

በፉድ ስታምፕ ረገድ፣ ከወላጆቿ ጋር የምትኖርና 22 ዓመት ያልሞላት ልጅ ከእነርሱ ጋር እንደ አንድ ቤተሰብ ትታያለች። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ግሪን ካርድ ያላገኙ ስደተኞችንና ጥገኝነት የተፈቀደላቸውን ሰዎች ከዚህ እርዳታ ውጪ አድርጓል።

ጥሬ ገንዘብና ትምህርት

ታንፍ የተባለው የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ በ1996 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው። ያላገባችና ከ18 ዓመት በታች የሆነች እናት ይህን ገንዘብ ለማግኘት ከወላጆቿ ጋር ወይም ኃላፊ ከሆነ አዋቂ ሰው ጋር መኖርና ትምህርቷን መከታተል አለባት። በቤቷ ጥቃት የሚደርስባት ልጅ ሌላ መጠለያ እንድታገኝ ሕጉ መንገድ ትቷል። እንግዲህ ልጁን በቁጣ ከቤት የሚያባርር ወይም ከትምህርት የሚያስቀር አባት፣ ድጋፉንም አብሮ እያባረረ ነው።

ትምህርት ቤቱም ሊያባርራት አይችልም። በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የተባለ ሕግ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በእርግዝና ምክንያት ተማሪን እንዳያገል ይከለክላል። ከወለደች በኋላም ተምራ እንድትጨርስ የሕፃን መዋያ ክፍያን የሚደጉም ፕሮግራም አለ።

አባትየውስ?

በእኛ ዘንድ ወሬው ሁሉ ስለ ልጅቱ ነው። ሕጉ ግን አባትየውን ይፈልገዋል። አባትነቱ ሲረጋገጥ ቻይልድ ሰፖርት የመክፈል ግዴታ ይመጣበታል፤ የአባትነት ማረጋገጫውን ሆስፒታል ውስጥ መፈረም ይቻላል። ሰውየው ለአካለ መጠን የደረሰ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ወንጀል ሊሄድ ይችላል፤ በሽማግሌ እርቅ ተሸፋፍኖ የሚቀር አይደለም።

የግሪን ካርድ ስጋት

«እርዳታ ከወሰድን ወረቀታችን ይበላሻል» የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን ያስቀራል። በ2022 የወጣው ደንብ የምግብ እርዳታንና መደበኛውን ሜዲኬይድ በአመልካቹ ላይ አይቆጥርም፤ ጥሬ ገንዘብ ግን ሊቆጠር ይችላል። ይህን ደንብ ለመሻር በኅዳር 2025 ሐሳብ ስለቀረበ፣ ጉዳዩ ያልተጠናቀቀ ሰው ጥሬ ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ስጋቱ ለመጠየቅ እንጂ የሕክምና ክትትልን ለመተው ምክንያት መሆን የለበትም።

ሰው ሲሞት በአንድ ቀን ገንዘብ አሰባስበን አስከሬን አገር ቤት የምንልክ ሕዝብ ነን። ለሚወለደውስ? ዳይፐር በዊክም ሆነ በፉድ ስታምፕ አይገዛም። እድሮቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹ ይህን ቢሸፍኑ፣ እናቶችም ለአራሷ ገንፎ ይዘው ቢሄዱ፣ ቤተሰቡ የሚሸሸው የሰው ዓይን ደጋፊው ይሆን ነበር። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ማለት ብቻውን አያሳድግም።

ከየት እንደሚጀምር ግራ የገባው ቤተሰብ 211 ደውሎ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብሎ ይጠይቅ። ልጅቱን ግን ከመውቀሱ በፊት ወደ ሐኪም ይውሰዳት።